ጳጳስ ያጣች ከተማ

ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ የሱዳንን ሜዳ አቋርጦ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በምሥራቅ ዳርቻው ሶባን ያገኛል። ሶባ ዛሬ የካርቱም ዳር ሠፈር ናት። ቤቶችና አጥሮች አሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ዝቅ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች። ጉብታዎቹ ጠጠር ለብሰዋል፤ ከጠጠሩ መሐል ቀይ የሸክላ ጡብ ስብርባሪ ብቅ ብቅ ይላል። ከዋናው ጉብታ ጎንበስ ብሎ አንዱን ያነሳ ሰው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በእጁ ያዘ ማለት ነው።

ይህች ሠፈር አልዋ የሚባለው የክርስቲያን መንግሥት መናገሻ ነበረች። አልዋ 900 ዓመት ገደማ በክርስትና ኖሯል። ስለ ባይዛንታይን፣ ስለ ሮም፣ ስለ ኢየሩሳሌም ብዙ የምናወራ እኛ ኢትዮጵያውያን፣ የአንድ ወንዝ ውኃ ስለምትጋራንና በአንድ መንበረ ጵጵስና ሥር ስለኖረች ጎረቤታችን የምናውቀው ከሚገባን በታች ነው። የእሷን ታሪክ ከመጀመሪያው ልተርክ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአልዋን ስም ድንጋይ ላይ ጽፈው ካቆዩልን ቀደምት ሰዎች አንዱ የእኛው ኢዛና ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኖባ ላይ ዘምቶ ሲመለስ ድሉን አክሱም ላይ አስቀረጸ። ተከዜን ተሻግሮ ጠላቱን 23 ቀን እንዳሳደደ፣ የግንብና የሣር ከተሞችን እንዳቃጠለ፣ የእህልና የጥጥ ጎተራቸውን አፍርሶ ሴዳ ብሎ ወደሚጠራው ዓባይ እንደጣለ ጽሑፉ ይናገራል። ከግንብ ከተሞቹ አንዷ «አልዋ» ትባላለች። ያቺ አልዋ ራሷ ሶባ ትሁን ወይስ ወደ ሰሜን ያለች ሌላ ከተማ፣ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ያም ሆነ ይህ በእኛ ጽሑፍ ውስጥ አልዋ የገባችው በጦርነት ነው። ኢዛና ድሉን የሰጠው «የሰማይ ጌታ» እንደሆነ በዚሁ ድንጋይ ላይ አስጽፏል፤ አልዋ በዚያ ጌታ ስም የተጠመቀችው ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይታ ነው።

የጥምቀቷ ታሪክ ልብ ይሰቅላል። በ6ኛው መቶ ዘመን የኖባ ምድር በሦስት ተከፍሎ ነበር፦ በሰሜን ኖባድያ፣ በመካከል መቁርያ፣ በደቡብ አልዋ። ኖባድያ በ543 ግድም ወንጌልን ተቀበለች። ለእሷ የተሾሙት ጳጳስ ሎንጊኖስ ይባላሉ። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት እንዳይሄዱ ቢያስጠብቃቸው፣ ራሰ በራ ስለነበሩ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍተው መልካቸውን ለውጠው አመለጡ። ይህን የጻፈልን በዘመኑ የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ዮሐንስ ዘኤፌሶን ነው።

የአልዋ ንጉሥ የኖባድያን መጠመቅ ሲሰማ «እኔንም ያጥምቁኝ» ብሎ ላከ። ሎንጊኖስ በ580 ተነሱ። በመካከል ያለው የመቁርያ ንጉሥ ግን ጠላት ነበረና በየመተላለፊያው ዘብ አቆመባቸው። ስለዚህ ወንዙን ትተው፣ የቤጃዎች አባቶች በሚኖሩበት የምሥራቅ በረሃ ዞሩ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ 17 ግመሎቻቸው በመንገድ አለቁ፤ እሳቸውም ታመው ለሞት ደረሱ። በመጨረሻ የአልዋው ንጉሥ ከመኳንንቱ አንዱን ልኮ በክብር አስቀበላቸው። ንጉሡ ተጠመቀ፤ ቤተ ዘመዱና ሹማምንቱ ተጠመቁ፤ ሕዝቡም ተከተለ።

ሎንጊኖስ ከዚያ በላኩት ደብዳቤ ላይ ለእኛ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር አለ። አልዋ ሲደርሱ አክሱማውያን ክርስቲያኖችን እዚያው አግኝተዋል። የክርስቶስ ሥጋ ከትንሣኤ በፊትም መከራ የማይነካው ነበር በሚለው በዩልያኖስ ትምህርት ተስበው ስለነበር ጳጳሱ ተከራክረዋቸዋል። ክርክሩን ለነገረ መለኮት ሊቃውንት እተወዋለሁ። ለእኔ የሚበልጥብኝ የሰዎቹ እዚያ መገኘት ነው። ነጋዴዎች ይሁኑ መነኮሳት ደብዳቤው አይልም፤ ነገር ግን ሎንጊኖስ ግመሎቻቸውን በበረሃ ቀብረው ሲደርሱ፣ የእኛ ሰዎች ቀድመዋቸው በዓባይ ዳር ተቀምጠው ነበር።

ሶባ እየከበረች ሄደች። በ9ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ አርኪዮሎጂስቶች «ቢ» ብለው በሰየሙት ጉብታ ላይ ሁለት ታላላቅ የቀይ ጡብ አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ተሠሩ። አንደኛው 28 በ24.5 ሜትር፣ ሁለተኛው 27 በ22.5 ሜትር ነበሩ። ሦስተኛ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በኋላ ተጨመረች፤ አጠገባቸውም የቤተ መንግሥት ወይም የጳጳስ መኖሪያ ሳይሆን የማይቀር ትልቅ ሕንፃ ነበር። ጭቃ ጡብ በሚበዛበት አገር ይህን ያህል የተተኮሰ ሸክላ መደርደር ምን ያህል ማገዶ፣ ምን ያህል እጅ እንደሚጠይቅ ምድጃ የለኮሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በ10ኛው መቶ ዘመን እንግዶች ይመጡ ጀመር። ኢብን ሐውቀል የተባለው ዓረብ መንገደኛ የሁለት ነገሥታትን ስም ጽፎልናል፤ ኤውሳቢዮስና እስጢፋኖስ። በአልዋ ዙፋን የሚወርሰው የንጉሡ ልጅ ሳይሆን የእህቱ ልጅ መሆኑን የነገረንም እሱ ነው። ከካይሮ ወደ መቁርያ የተላከው ኢብን ሰሊም አል አስዋኒ ደግሞ ሶባን ያማሩ ሕንፃዎች፣ ሰፋፊ መኖሪያዎች፣ ወርቅ የሞላባቸው አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ቦታዎች ያሏት አድርጎ ሥሏታል። ሙስሊሞች የሚያድሩበት ሠፈርም ነበራት። የአልዋ ንጉሥ ከመቁርያው ይልቅ ብዙ ሠራዊትና ፈረስ አለው ይላል። ጠላቸው ከነጭ ማሽላ ይጠመቅ ነበር። መጻሕፍታቸው በግሪክኛ ነበሩ፤ ወደ ራሳቸው ቋንቋም ይተረጉሟቸው ነበር። ጳጳሳቸውን የሚሾምላቸው ደግሞ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ነበር።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ የአልዋ ሞት የመጣው በእሷ በኩል ነውና።

እኛም እንደዚያው ነበርን። ጳጳስ ከእስክንድርያ ካልመጣልን ቄስ የሚክን፣ ታቦት የሚባርክ አልነበረም። በዚያው በ10ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የኢትዮጵያ ንጉሥ መከራ ላይ ወደቀ። በትውፊታችን ዮዲት ጉዲት ከምንላት ጋር ብዙዎች የሚያያይዟት ንግሥት ተነስታ ከተሞችን አቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች፤ ንጉሡን ከቦታ ቦታ አሳደደች። አገሩም ጳጳስ አልነበረውም። ንጉሡ ለማን ይጻፍ? የጻፈው ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ነው፤ የመቁርያው ንጉሥ ማለት ነው። «ከፓትርያርኩ አማልደኝ፤ ጳጳስ ይላክልኝ» አለ። ጊዮርጊስም ደብዳቤውን ከራሱ ልመና ጋር ለፓትርያርክ ፊላታዎስ አደረሰ። ከአባ መቃርስ ገዳም ዳንኤል የተባሉ መነኩሴ ተሾመው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የፓትርያርኮች ታሪክ መጽሐፍ ይህን በዝርዝር መዝግቦታል። የኖባ ንጉሥ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ጳጳስ አስገኘ። ይህ ውለታ ነው።

ሶባ በዚያ ዘመን በክብሯ ላይ ነበረች። ከዚያው ከ1000 ገደማ ጀምሮ ለ16 ዓመት የነገሠው የዳዊት የመቃብር ድንጋይ ከሶባ ወጥቷል። 1200 ገደማ የጻፈው ግብጻዊው አቡል መካሪም በአልዋ አገር 400 አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ ሰምቶ መዝግቧል፤ ቁጥሩ የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በመናገሻይቱ ያለው፣ «መንበሊ» የተባለው፣ ሰፊና በጥበብ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው ይላል። ከጉብታው ሁለት ታላላቅ ሕንፃዎች አንዱ ይህ መንበሊ ይሆናል ብለው የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ።

በዚያው ዘመን ዓለም ምን ላይ እንደነበረች እናስተያይ። ፓሪስ የኖትርዳምን መሠረት የጣለችው በ1163 ነው። የፈረንሳይ አናጺዎች የሾሉ ቅስቶቻቸውን ወደ ሰማይ ሲያስረዝሙ፣ በላስታ የላሊበላ ጠራቢዎች አለቱን ወደ ምድር ይወርዱበት ነበር። የሶባ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ያኔ 300 ዓመት ደፍነዋል። የጎቲክ ካቴድራል ፎቶ በየቀን መቁጠሪያው ላይ ይሰቀላል፤ የሶባን ካቴድራል የሚያውቀው ግን ስንት ሰው ነው?

ውድቀቱ ቀስ እያለ መጣ። በሰሜን መቁርያ በግብጽ ማምሉኮች ዘመቻ ደከመች፤ በ1317 የዶንጎላ የዙፋን አዳራሽ መስጊድ ሆነ። ዓረብ ዘላኖች ወደ ደቡብ ገፉ። ከሁሉ የከፋው ግን ወደ እስክንድርያ የሚወስደው መንገድ መዘጋቱ ነው። በሰሜን ኖባ፣ ቀስር ኢብሪም በተባለው ምሽግ፣ በ1964 አንድ መቃብር ተከፈተ። የአቡነ ጢሞቴዎስ ነበር፤ በ1372 የተሾሙ ጳጳስ። አብረዋቸው የተቀበሩት ሁለት ጥቅልል ደብዳቤዎች ናቸው፤ አንዱ በቅብጥ፣ አንዱ በዓረብኛ፤ መሾማቸውን የሚመሰክሩ። ጳጳሱ የሹመት ወረቀታቸውን ይዘው ተቀበሩ። ለኖባ ምድር ከተሾሙ የታወቁ ጳጳሳት መካከል ከመጨረሻዎቹ ናቸው።

አሁን ወደ 1520ዎቹ እንምጣ። በአፄ ልብነ ድንግል ግቢ የፖርቱጋል መልእክተኞች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጽፏል። አንድ ቀን ከኖባ አገር ስድስት ሰዎች መጡ። ክርስቲያኖች ነን አሉ። ጳጳሳችን ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆነ፤ በጦርነት ምክንያት ሌላ ማምጣት አልቻልንም፤ ቄሶቻችንም አልቀው ክርስትናችን እየጠፋ ነው፤ ካህናትና መነኮሳት ስጡን ብለው ለመኑ። አገሩን ያየ አንድ ሶርያዊ ደግሞ ለአልቫሬዝ በዚያ 150 አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ፣ መስቀልና የእመቤታችን ሥዕል በግድግዳቸው እንደሚታይ ነገረው። ሕንፃው ቆሟል፤ ሥዕሉ አለ፤ የሚቀድስ የለም።

ንጉሡ አልሰጧቸውም። እኔ ራሴ አቡኑን የማገኘው ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ነው፤ ሌላው የሚሰጠኝን እኔ እንዴት ልስጥ አሏቸው። ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። በዚያው መጽሐፍ አልቫሬዝ የጊዜው ጳጳስ አቡነ ማርቆስ በአንድ ቀን ከ2,000 በላይ ካህናት ሲሾሙ እንዳየ ይመሰክራል። ከ2,000 መካከል አሥር ካህናት፣ አምስት መነኮሳት መላክ አይቻልም ነበር? በቀኖናው ረገድ የንጉሡ መልስ ትክክል ነው፤ ጳጳስ መሾም በእርግጥም አይችሉም ነበር፤ እኛ የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው በ1959 ነው። የተለመኑት ግን ጳጳስ ብቻ አልነበረም፤ ቄስና መነኩሴም ተለምነዋል። የኖባ ንጉሥ በጨለማችን ጊዜ ደብዳቤ ጽፎልን ነበር፤ ያን ውለታ በአፄው ግቢ ያስታወሰ ሰው አልነበረም። በንጉሡ አልፈርድም፤ በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ሠራዊታቸው ተሸንፎ፣ የራሳቸው አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው፣ በ1540 በደብረ ዳሞ በስደት ሞቱ። ቢሆንም ያ ዕለት መልካም ዕለት አልነበረም።

በጊዜው ለሶባ ራሷ ሳይዘገይ አልቀረም። የሱዳን ዜና መዋዕሎች ከተማዋ በ1504 ገደማ በአብደላ ጀማዕ የሚመራው የዓረብ ጎሣና የፉንጁ አማራ ዱንቀስ ኃይል እንደወደቀች ይላሉ። አይሁዳዊው መንገደኛ ዳዊት ሩበኒ በ1523 ሲያልፍባት ፍርስራሽ ሆና፣ ሰዉም በእንጨት ጎጆ ሲኖር አገኘ። የካርቱም ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ባልተጠበቀ ምክንያት ሲፈርስ «ሶባን ያፈረሰች ዓጁባ» ይላሉ። በአፈ ታሪኩ ዓጁባ መኳንንቱን እርስ በርስ አፋጅታ ከተማዋን ያጠፋች ሴት ናት። እኛ ለአክሱም ውድቀት ዮዲትን እናነሳለን፤ እነሱ ለሶባ ዓጁባን። ሁለቱም ሕዝቦች የመንግሥትን ሞት ለአንዲት ሴት አሸክመው፣ የተዘጋውን መንገድና የተቋረጠውን ክህነት ረሱ።

ሦስት መቶ ዓመት አለፈ። በ1821 የግብጹ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ያዘ፤ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት ቦታ ካርቱም መከተም ጀመረች። ከተማ ጡብ ይፈልጋል፤ ጡብ ለመተኮስ ማገዶ ያስፈልጋል፤ ሶባ ደግሞ ቅርብ፣ የወንዝ ዳር ነበረች፤ የተተኮሰ ጡቧም በተራራ ተከምሮ ነበር። ገዥዎቹ ጡቡን እያስነቀሉ ለካርቱም ሕንፃዎች አዋሉት። በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ሲያዩ በብዙ ቦታ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን መሠረቱም ተነቅሎ፣ የቀረው የጡብ ለቃሚዎች ጉድጓድ ነበር። የአልዋ ካቴድራል ካርቱም ሆነ ማለት ነው። ያቺም ካርቱም በ1885 በማህዲስቶች እጅ ወድቃ ፈረሰች።

ከ1898 በኋላ እንግሊዞች ካርቱምን መልሰው ሲሠሩ የራሳቸውን ካቴድራል አቆሙ። የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል የመሠረት ድንጋይ በ1904 ተጣለ፤ በ1912 ተመረቀ። አናጺው ሮበርት ዊር ሹልትዝ የባይዛንታይን አብያተ ክርስቲያናት ተማሪ ነበር። ሳያስበው ሶባ ከቀዳችበት ምንጭ ቀዳ። በ1971 መንግሥት ወረሰው፤ በኋላም የቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆነ።

ሶባን ለሳይንስ ያስነሷት ፒተር ሺኒ ከ1950 ጀምሮ፣ ቻርልስ ዳንኤልስና ዴሪክ ዌልስቢ ደግሞ በ1980ዎቹ ናቸው። ሁለቱን ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት የገለጡት የኋለኞቹ ናቸው። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የፖላንድና የሱዳን ባለሙያዎች በጋራ ይሠሩ ነበር። ሥፍራው 2.75 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ካርቱም እየሰፋች መጥታ አብዛኛውን በቤት ሸፍናዋለች።

ከሶባ ሌላ ካርቱም የኖባን ክርስትና የምታስታውስበት ቤት ነበራት፤ በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም። የአስዋን ግድብ ውኃ ፋራስ የተባለችውን ከተማ ሊውጥ ሲል፣ ከ1961 እስከ 1964 የፖላንዱ ካዚሚየሽ ሚካሎቭስኪ ቡድን የካቴድራሏን ከ120 በላይ የግድግዳ ሥዕሎች ከግድግዳው ላጠ። 67ቱ ወደ ዋርሶ፣ የቀሩት ወደ ካርቱም ሄዱ። ካርቱም ከደረሱት አንዱ የሠለስቱ ደቂቅ ሥዕል ነው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በእሳቱ ውስጥ ቆመዋል፤ ከኋላቸው መልአክ ክንፉን ዘርግቶባቸዋል። የመልአኩ ስም ሚካኤል ተብሎ ተጽፏል፤ እኛ ቁልቢ ላይ ገብርኤል የምንለው። ከዚህ በቀር የታኅሣሥ 19ን ንግሥ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሥዕሉ ፊት ቆሞ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ተነሳ። ሙዚየሙ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ገባ። ጦሩ በማርች 2025 ካርቱምን ሲያስለቅቅ ሙዚየሙ ተዘርፎ ተገኘ። ዩኔስኮ በሴፕቴምበር 2024 ከሱዳን የወጡ ቅርሶችን ማንም እንዳይገዛና እንዳይሸጥ ጥሪ አቅርቧል። ለዓመታት ካርቱምን ቤታቸው ያደረጉ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በመተማ በኩል ተመለሱ።

ስለዚህ ከእነዚህ ተመላሾች አንዱ ከሆንክ፣ ወይም አንዷ ከሆንሽ፣ አንድ ነገር እለምናለሁ። በስልካችሁ ሶባ ጉብታ ላይ፣ ወይም በሙዚየሙ ሥዕሎች ፊት የተነሳችሁት ፎቶ ካለ አትሰርዙት፤ ለሱዳን የቅርስ ባለሙያዎች እንዲደርስ አድርጉት። የጠፋው ዕቃ የሚታወቀው በፎቶ ነው። ገንዳ ውኃ ወይም አዲስ አበባ ላይ የኖባ መስቀል፣ የሸክላ ጽዋ ወይም የሥዕል ስባሪ ለሽያጭ ያቀረበላችሁ ሰው ካለም አትግዙት። ስድስቱ የኖባ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ 500 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዛሬ የሚለምኑን ቄስ አይደለም፤ የቀረውን እንድናስቀርላቸው ብቻ ነው።